ዳግማዊ አፄ ምኒልክ እና የከብት እልቂት ዘመን

የዳግማዊ አፄ ምኒልክ ስም ሲነሣ ሁላችንም ቶሎ የምናስበው የዐድዋን ድል ነው። ስልኩ፣ ባቡሩና የአዲስ አበባ መቆርቆር ይከተላል። በበሬ ጉልበት የምንተዳደር የማኅበራት አባላት ግን የንጉሠ ነገሥቱን ታሪክ ከሌላ በኩልም ብናየው ይጠቅመናል፤ ይኸውም ከብቱ ካለቀበት ገበሬ በኩል ነው።

ምኒልክ ነሐሴ 12 ቀን 1836 ዓ.ም. አንጎለላ ተወለዱ። አባታቸው የሸዋው ንጉሥ ኃይለ መለኮት ሲሞቱ ገና ልጅ ስለነበሩ አፄ ቴዎድሮስ ወስደው መቅደላ አኖሯቸው። አሥር ዓመት ያህል ቆይተው በ1857 ዓ.ም. አመለጡ። በሽሽታቸው ወቅት ተቀብለው ያሳለፏቸው የወሎዋ ባላባት ወይዘሮ ወርቂት ነበሩ። የወይዘሮ ወርቂት ልጅ በመቅደላ ታስሮ ስለነበር ይህ ውለታ የልጃቸውን ሕይወት አስከፍሏቸዋል። ወሎ በምኒልክ ታሪክ ውስጥ ያለው ድርሻ የሚጀምረው ከዚህ ነው።

በ1880 ዓ.ም. አካባቢ ደስታ የተባለው የከብት በሽታ በምጽዋ በኩል ወደ አገራችን ገባ። የኢጣሊያ ጦር ከህንድ ካስመጣቸው ከብቶች ጋር እንደመጣ ብዙ የታሪክ ጸሐፊዎች ይናገራሉ። በሽታው የያዘው ከብት ያተኩሰዋል፣ ዓይኑ ያነባል፣ አፉ ይቆስላል፣ ለሃጩ ይዝረበረባል፤ ከዚያም ያስቀምጠውና ብዙ ጊዜ ከሁለት ሳምንት ባነሰ ጊዜ ውስጥ ይሞታል። ፈረስ፣ በቅሎና አህያን አይነካም። ከከብት ወደ ከብት የሚተላለፈው በትንፋሽና በንክኪ፣ በጋራ ግጦሽና በጋራ ውኃ ነው። የነጋዴ መንጋም ሆነ ጦር ለስንቅ የሚነዳው ከብት በሽታውን ይዞት ይሄዳል። በዚህ ዓይነት ከትግራይ ወደ ወሎ፣ ከወሎ ወደ ሸዋ፣ ከዚያም አልፎ እስከ ደቡብ አፍሪካ ወረደ። በአገራችን ከአሥር ከብት ዘጠኙ እንዳለቀ ይገመታል።

ዘመኑን የበለጠ ያከበደው የመንግሥት ለውጥ ነው። አፄ ዮሐንስ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. መተማ ላይ ወደቁ። በሚያዝያ 25 ቀን ምኒልክ እዚሁ አጠገባችን ውጫሌ ላይ ከኢጣሊያ ጋር ውል ተዋዋሉ። ስለ ውጫሌ ውል 17ኛው አንቀጽ በትምህርት ቤት ሁላችንም ተምረናል። ውሉ በተፈረመበት ዘመን በዙሪያው ያለው ገበሬ በሬ እያጣ እንደነበር ግን እምብዛም አይነገርም። ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. እንጦጦ ማርያም ላይ ዘውድ የጫኑት ምኒልክ የተረከቡት ሞፈርና ቀንበሩ ሥራ የፈታበትን አገር ነበር። ድርቅ፣ አንበጣና ተምች ተጨምሮበት ሕዝቡ እስከ 1884 ዓ.ም. የዘለቀውን ጊዜ ክፉ ቀን ብሎ ጠራው።

ንጉሠ ነገሥቱ ምን አደረጉ? የእህል ጎተራቸውን ከፈቱ። ሕዝቡ ከብት አጥቶ ሳለ እርሳቸው የበሬ ሥጋ አልበላም አሉ። ዶማና መጥረቢያ በብዛት አሠርተው አደሉ፤ ራሳቸውም ዶማ ይዘው መሬት ቆፈሩ፤ መኳንንቱም እንዲከተሏቸው አደረጉ። በዚያ ዘመን ለአንድ መኳንንት ዶማ መያዝ ውርደት ስለነበር ነገሩ ቀላል አልነበረም። ሆኖም ዶማ በሬን አይተካም፤ በጥማድ የሚታረሰውን መሬት በእጅ ቆፍሮ ማዳረስ የማይቻል መሆኑን የሞከረው ያውቀዋል።

ሌላም መነገር ያለበት ነገር አለ። የሰሜኑ በሬ ከተተካባቸው መንገዶች አንዱ የደቡብ ዘመቻ ነበር። በ1887 ዓ.ም. በወላይታ ላይ በተደረገው ዘመቻ እጅግ ብዙ ከብት ተነድቷል። የአንዱ አካባቢ ገበሬ ጉዳት በሌላው አካባቢ ገበሬ ሀብት ተካክሷል ማለት ነው። ንጉሡን ስናመሰግን ይህን መሸፈን ተገቢ አይመስለንም።

በእርግጥ ምኒልክ ለከብቱ የሚሰጡት መድኃኒት አልነበራቸውም፤ በዓለምም አልነበረም። ጀርመናዊው ሐኪም ሮበርት ኮኽ ደቡብ አፍሪካ ሄዶ ከታመመ ከብት ሐሞት መከላከያ መሞከር የጀመረው ዐድዋ በ1888 ዓ.ም. ድል ከሆነ በኋላ ነው። ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮችን ሲሾሙ የእርሻ ሚኒስቴር አንዱ ነበር። ከዚያ በኋላ ሕመም ጸንቶባቸው ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. አረፉ።

ደስታ ግን ከእርሳቸው በኋላ ወደ 80 ዓመት ያህል ቆየ። በደብረ ዘይት የእንስሳት ክትባት ማምረቻ ተቋቁሞ፣ ዘመቻ በዘመቻ ላይ ተደርጎም ከቆላው ሊጠፋ አልቻለም። ምክንያቱም ክትባቱ በረዶ ይፈልጋል፤ መኪና የማይገባበት በረሃ ውስጥ ደግሞ በረዶ የለም። መፍትሔ የተገኘው ያለ ማቀዝቀዣ ለሳምንታት የሚቆይ ክትባት ሲሠራና ከራሳቸው ከአርብቶ አደሮቹ መካከል የተመረጡ ሰዎች ሠልጥነው መክተብ ሲጀምሩ ነው። ይህም የሆነው ከሀብሩ በስተምሥራቅ በምትጎራበተን በአፋር ነው። በአገራችን የመጨረሻው የደስታ ወረርሽኝ እዚያው በ1988 ዓ.ም. ታየ። ኢትዮጵያ በ2000 ዓ.ም. ከበሽታው ነፃ መሆኗ ተረጋገጠ፤ በ2003 ዓ.ም. ደግሞ ከዓለም መጥፋቱ ታወጀ። የቅርብ ዘመዱ የሆነውና በግና ፍየል የሚፈጀው ደስታ መሰል በሽታ ግን አሁንም በአገራችን አለ።