ከአንኮበር እስከ ፍሎረንስ፦ የሎሬት አፈወርቅ ተክሌ ሕይወትና የተልባ ዘይት

የዓለም ሎሬት ሜትር አርቲስት አፈወርቅ ተክሌ ጥቅምት 12 ቀን 1925 ዓ.ም በሰሜን ሸዋ አንኮበር ተወለዱ። የፋሺስት ኢጣሊያ ጦር ሀገሪቱን ሲወር ገና አራተኛ ዓመታቸውን አልደፈኑም ነበርና የልጅነት ዕድሜያቸው ያለፈው በጦርነትና በወረራ ዘመን ነው። በ1933 ዓ.ም ነፃነት ሲመለስ ሀገሪቱ የተቃጠለውን የሚጠግን፣ የፈረሰውን የሚያቀና የተማረ ሰው ትሻ ነበር።

በዚህም ምክንያት በ1947 እ.ኤ.አ ወደ እንግሊዝ ሲላኩ የ15 ዓመቱ ብላቴና የታዘዙት የማዕድን ምሕንድስና እንዲማሩ እንጂ ሥዕል እንዲማሩ አልነበረም። ያን ጊዜ መንግሥት ልጅን ባሕር ማዶ ሲልክ ሙያውንም መርጦ ነው፤ ሙያን መቀየር አደራን እንደ መብላት ይቆጠር ነበር። ሆኖም መምህራኖቻቸው ተሰጥኦአቸውን አይተው አበረታቷቸው፤ እርሳቸውም ምሕንድስናውን ትተው በለንደን የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ገቡ። በመቀጠልም በስመ ጥሩው የስሌድ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ሥዕልን፣ ቅርጻ ቅርጽንና የሕንፃ ጥበብን አጠኑ።

ለአርሶ አደሩ አንባቢ እንግዳ የሚሆነው ነገር ሳይኖር አይቀርም፤ የዘይት ቀለም የሚባለው ነገር መሠረቱ ተልባ ነው። ከተልባ ፍሬ የተጨመቀው ዘይት ከቀለም ዱቄት ጋር ይለወሳል። ይህ ዘይት እንደ ውኃ ተንኖ ሳይሆን ከአየር ጋር ተዋሕዶ ስለሚጠነክር ቀለሙን ለዘመናት አስሮ ይይዛል። ሠዓሊው የሚሥልበት ጥሩ ሸራም ከዚሁ ተክል አገዳ ከሚወጣው ጭረት የሚሸመን ነው። የእኛ ገበሬ ተልባን የሚዘራው ለፍሬው ብቻ ስለሆነ አገዳው ለዚህ አገልግሎት አይውልም። በመስከረም ማሳውን ሰማያዊ አድርጎ የሚያብበው ተክል ለአውሮፓ ሠዓሊያን ቀለምም ሸራም መሆኑን የግብርና ተማሪ ሳለሁ ማንም አልነገረኝም።

የቀደሙት የሀገራችን ሠዓሊያን በዚህ መንገድ አልሠሩም። ከአፈርና ከዕፅዋት ያወጡትን ቀለም በጥጥ ጨርቅ ላይ ሥለው፣ ጨርቁን ከቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ይለጥፉት ነበር። የዘይት ቀለም ግን ከውጭ የሚመጣ፣ በቀላሉ የማይገኝ ዕቃ ነበር።

ዕቃን ተሸክሞ በሜዳ ላይ መሣል ለአንኮበር አዲስ አይደለም። አፈወርቅ ከመወለዳቸው 91 ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1841 እ.ኤ.አ፣ ዮሐን ማርቲን በርናትዝ የተባለ ጀርመናዊ ሠዓሊ ከእንግሊዙ የሃሪስ መልእክተኞች ጋር ከታጁራ ተነሥቶ፣ በረሃውን አቋርጦ ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ግዛት መጥቶ ነበር። የዚያ ዘመን የሸዋ መልክ ዛሬ በሥዕል የሚታየን በከፊል በእርሱ እጅ ነው። አሜሪካዊው ሠዓሊ ጆን ራንድ የሚጨመቀውን የቆርቆሮ የቀለም ቱቦ የፈለሰፈውም በዚያው ዓመት ነው። ከዚያ በፊት የተለወሰ የዘይት ቀለም የሚያዘው በአሳማ ፊኛ ነበር፤ ፊኛው አንዴ ከተበሳ ደግሞ ቀለሙ ይበላሻል። ቱቦው ሲመጣ ሠዓሊው ቀለሙን፣ ብሩሹን፣ የቀለም ገበታውን፣ ተርፔንታይኑንና ባለ ሦስት እግር መደገፊያውን ይዞ ከቤት ወጣ። በደጋ ግን ይህም ፈተና አለው፤ ነፋሱ ሸራውን ይጥላል፣ ጉሙ በድንገት ይጋርዳል፣ ብርዱም ቀለሙ ቶሎ እንዳይደርቅ ያደርጋል።

አፈወርቅ ከትምህርታቸው ተመልሰው የመጀመሪያውን የግል ዐውደ ርእያቸውን በ1954 እ.ኤ.አ አዲስ አበባ ላይ ሲያሳዩ ገና በ20ዎቹ መጀመሪያ ላይ ነበሩ። ከዚያም እንደገና ወደ አውሮፓ ሄደው በኢጣሊያ፣ በፈረንሳይ፣ በስፔንና በሌሎችም ሀገሮች ተዘዋወሩ። በቆይታቸው በባለ ቀለም መስታወት መሥራትን ተማሩ፤ በየቤተ መጻሕፍቱ የሚገኙትን የኢትዮጵያ የብራና ሥዕሎችም መረመሩ። የሀገርን ጥበብ ለማጥናት ባሕር መሻገር ማስፈለጉ ያስቆጫል፤ እርሳቸው ግን ያገኙትን ይዘው ተመለሱ።

ፍሬው በአዲስ አበባው የአፍሪካ አዳራሽ ይታያል። የአፍሪካን ነፃ መውጣት የሚያሳዩት የመስታወት ሥዕሎች 150 ካሬ ሜትር ስፋት አላቸው። የሐረሩ የራስ መኮንን ሐውልት የእርሳቸው ሥራ ነበር፤ በቅዱስ ጊዮርጊስ ካቴድራልም አሻራቸው አለ። ከዘይት ቀለም ሥራዎቻቸው «የመስቀል አበባ» እና «እናት ኢትዮጵያ» በሰፊው ይታወቃሉ። በ1964 እ.ኤ.አ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ሽልማት በሥነ ጥበብ ተቀበሉ። ቪላ አልፋ ብለው የሰየሙትን ቤታቸውንና የሥራ ቦታቸውን የነደፉት ራሳቸው ናቸው።

በ1981 እ.ኤ.አ የራሳቸውን መልክ የሣሉበት ሥዕል በፍሎረንስ ከተማ በሚገኘው በኡፊዚ ቤተ መዘክር ቋሚ ስብስብ ውስጥ ገብቷል፤ ከአፍሪካ ሠዓሊ ሥራ ለዚህ የበቃ የመጀመሪያው ነው። ሎሬት አፈወርቅ ሚያዝያ 2 ቀን 2004 ዓ.ም በ79 ዓመታቸው አረፉ፤ ሥርዓተ ቀብራቸውም በአዲስ አበባ ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ተፈጽሟል።