የያቭነው ራባን ጋምሊኤል፦ ሹመትና ክብር

በያቭነ ከተማ ጉልላት ያለው ጥንታዊ የድንጋይ ሕንፃ ይገኛል። የተሠራው በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፥ የማምሉክ ሱልጣኖች አገሪቱን በገዙበት ጊዜ ነው። ሙስሊሞች የአቡ ሁረይራ መታሰቢያ ይሉታል፤ በአይሁድ ትውፊት ግን የራባን ጋምሊኤል መካነ መቃብር ነው። በያቭነ፥ በገዴራና በቂርያት መልአኺ የምትኖሩ ወገኖች ይህ ስፍራ የማን መታሰቢያ እንደ ሆነ ታውቁ ዘንድ የእኒህን መሪ ሕይወት በአጭሩ እንተርካለን።

ራባን ጋምሊኤል የታላቁ የሂሌል ዘር ናቸው። አባታቸው ራባን ሺምዖን ቤን ጋምሊኤል በሮማውያን ጦርነት ጊዜ በኢየሩሳሌም ከሕዝቡ መሪዎች አንዱ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ70 ዓ.ም. ሁለተኛው ቤተ መቅደስ ተቃጠለ። ታልሙድ እንደሚተርከው፥ ራባን ዮሐናን ቤን ዛካይ በሬሳ ሣጥን ተሸሽገው ከተከበበችው ከተማ ወጡ፤ በሮማው የጦር አለቃ በቬስፓስያን ፊት ቀርበውም ያቭነንና ሊቃውንቷን፥ እንዲሁም የራባን ጋምሊኤልን ቤተሰብ እንዲተውላቸው ለመኑ። ልመናቸውም ተፈጸመ። ከእርሳቸው በኋላ ራባን ጋምሊኤል ናሲ፥ ማለትም የሊቃውንቱ ሸንጎ አለቃ ሆኑ።

አዲሱ መሪ የተረከቡት ሥራ ከባድ ነበር። መሥዋዕት ቀርቷል፤ ሕዝቡ ተበትኗል። እያንዳንዱ ሊቅ እንደ ራሱ አሳብ ቢፈርድ እስራኤል እንዳይከፋፈል ፈሩ። ስለዚህ ሥርዓትን አጥብቀው ያዙ። ዛሬ በየዕለቱ የምንጸልየው የዓሚዳ ጸሎት 18ቱ ቡራኬዎች በተራ የተደረደሩት በያቭነ በእርሳቸው ፊት ነው። ነገር ግን በሸንጎው የተቀመጡት ሰዎች በዕውቀት ከእርሳቸው የማያንሱ ነበሩ። ከእነርሱም አንዱ፥ በቤተ መቅደስ ያገለገሉት ሌዋዊው ረቢ የሆሹዓ ቤን ሐናንያ ናቸው።

አባቶቻችን በኢትዮጵያ የአዲስ ጨረቃን በዓል ያከብሩ እንደ ነበር ታውቃላችሁ። በያቭነም ወሩ የሚታወጀው ጨረቃን ባዩ ምስክሮች ቃል ነበር። አንድ ጊዜ ራባን ጋምሊኤል የተቀበሉትን ምስክርነት ረቢ የሆሹዓ ተቃወሙ። ናሲውም በረቢ የሆሹዓ አቆጣጠር ዮም ኪፑር በሚሆንበት ቀን በትራቸውንና ገንዘባቸውን ይዘው ወደ ያቭነ እንዲመጡ አዘዟቸው። ረቢ የሆሹዓ እጅግ አዘኑ፤ ሆኖም ረቢ ዓቂቫ ስላጽናኗቸው ለሕዝቡ አንድነት ሲሉ ታዘዙ። ሲደርሱም ናሲው ተነሥተው ራሳቸውን ሳሟቸው። ሥርዓቱ ተከበረ፤ ቅሬታው ግን አልጠፋም።

ከጊዜ በኋላ የማታ ጸሎት ግዴታ ነው ወይስ ፈቃድ በሚል ክርክር ራባን ጋምሊኤል ተቀምጠው ሲያስተምሩ ረቢ የሆሹዓን በጉባኤው መካከል አቆሟቸው። ሽማግሌው በእግራቸው ቆመው ሲቀሩ ሕዝቡ መታገሥ አልቻለም። የመምህሩን ቃል ለጉባኤው የሚያሰማውን ሑጽፒትን ዝም አሰኙት፤ በዚያው ቀንም ናሲውን ከሹመታቸው አወረዷቸው።

በምትካቸው የተሾሙት ረቢ ኤልዓዛር ቤን ዓዛርያ ናቸው። ጠቢብ፥ ባለጸጋና ከዕዝራ አሥረኛ ትውልድ ነበሩ፤ ዕድሜያቸው ግን፥ በባቢሎን ታልሙድ እንደ ተጻፈው፥ 18 ዓመት ብቻ ነበር። ሚስታቸውን ቢያማክሩ ሽበት እንደሌላቸው አሳሰበቻቸው፤ በተአምርም ጠጕራቸው ሸበተ። በፋሲካ ሌሊት ሐጋዳ ስናነብ ረቢ ኤልዓዛር ራሳቸውን እንደ ሰባ ዓመት ሰው የሚቆጥሩት ስለዚህ ነው። በዚያ ቀን የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ተነሣ። ራባን ጋምሊኤል ውስጡ እንደ ውጭው ያልሆነ ተማሪ እንዳይገባ ከልክለው ነበርና፥ በሩ ሲከፈት በአንዱ ቃል 400፥ በሌላው ቃል 700 አግዳሚ ወንበር ተጨመረ። ይህን ያዩት ራባን ጋምሊኤል ከእስራኤል ኦሪትን ከልክዬ ይሆን ብለው ልባቸው ታወከ።

የእርሳቸው ታላቅነት የታየው ከሹመት ከወረዱ በኋላ ነው። አኩርፈው ቤታቸው አልዋሉም፤ በዚያ ቀን ከትምህርት ቤቱ ለአንዲት ሰዓት እንኳ አልተለዩም። ወደ እስራኤል ማኅበር ለመግባት ስለ ጠየቀ አንድ አሞናዊ ከረቢ የሆሹዓ ጋር ተከራክረው ተረቱ፤ ሰውየውም ተፈቀደለት። ከዚያም ይቅርታ ሊጠይቁ ወደ ረቢ የሆሹዓ ቤት ሄዱ። የቤቱ ግድግዳ ጠቁሮ አዩ፤ ያን ጊዜ ረቢ የሆሹዓ በከሰል ሥራ ወይም በቀጥቃጭነት እንደሚተዳደሩ ተረዱ። ረቢ የሆሹዓም መሪያቸው ሊቃውንቱ በምን ድካም እንደሚኖሩ አለማወቃቸውን በምሬት ወቀሷቸው። በኢትዮጵያ ብረት ቀጥቅጦ ልጆቹን ያሳደገ፥ በሥራውም የተናቀ አባት ያለው ሰው የዚህን ወቀሳ ክብደት ይረዳል። ራባን ጋምሊኤል አልተቈጡም። የመጀመሪያው ይቅርታ ባይሰማላቸውም ደግመው ለመኑ፤ ታረቁም።

ወደ ሹመታቸው ሲመለሱ ረቢ ኤልዓዛር አልተጣሉም፤ ሁለቱ በየሰንበቱ የማስተማሩን ተራ ተካፈሉ። ስለ ራባን ጋምሊኤል ከሚነገሩት ሌሎች ታሪኮች አንዱ በመርከብ ጕዞ የሆነ ነው። ረቢ የሆሹዓ እጅግ የተማሩ ሆነው የሚበሉት ስላጡ ሁለት ደቀ መዛሙርት ነገሯቸው። ናሲው ሊሾሟቸው ቢጠሯቸው ከትሕትና የተነሣ ሳይመጡ ቀሩ፤ እርሳቸውም ሹመት ጌትነት ሳይሆን ለሕዝብ ባሪያ መሆን እንደ ሆነ አስረዷቸው። በልጃቸው ሠርግም ናሲ ሳሉ ቆመው ለሊቃውንቱ መጠጥ ቀድተዋል። በመጨረሻም፥ የቀብር ወጪ ድሆችን እስኪያስመርር ከብዶ ስለ ነበር፥ እርሳቸው በቀላል የበፍታ ልብስ እንዲቀበሩ አዘዙ። ሕዝቡም ተከተላቸው፤ ባለጸጋና ድኻ በአንድ ዓይነት ልብስ መቀበር የተለመደው ከዚያ ወዲህ ነው።

ውድ ወገኖች፥ ከእናንተም መካከል ነገ የቤተ ክኔሴት ኃላፊ፥ የሕንፃ ነዋሪዎች ኮሚቴ ተመራጭ ወይም የሥራ ቡድን አለቃ የሚሆን ይኖራል። ራባን ጋምሊኤል ሹመትን በትውልድ አገኙ፤ የባልንጀሮቻቸውን ልብ ያገኙት ግን የጠቆረውን ግድግዳ ካዩና ይቅርታ ከለመኑ በኋላ ነው። እንግዲህ የተሾመ ሰው ትእዛዝ ከማብዛቱ በፊት አብረውት የሚሠሩት ሰዎች እንዴት እንደሚኖሩ ይጠይቅ፤ ቢበድልም በደሉን ለማመን አይፈር።