ጎትፍሪድ ፍሬንክል እና የዕጽዋት መርዝ ጥያቄ

ዕጽዋት በል ነፍሳት በምግባቸው ውስጥ ያለውን መርዝ እንዴት ይቋቋማሉ የሚለው ጥያቄ ዛሬ በኬሚካላዊ ሥነ ምህዳር ሰፊ ቦታ ይዟል። እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ድረስ ግን ብዙ ተመራማሪዎች እንደ አልካሎይድ ያሉትን የዕጽዋት ውህዶች የሜታቦሊዝም ዝቃጭ አድርገው ይቆጥሯቸው ነበር። ይህን አመለካከት ከለወጡት ሳይንቲስቶች አንዱ ጎትፍሪድ ፍሬንክል ናቸው።

ፍሬንክል እ.ኤ.አ. በ1901 በጀርመን ሙኒክ ከተማ ተወለዱ። በዚያው ሥነ እንስሳትን ካጠኑ በኋላ ወደ ኢየሩሳሌም በማቅናት በዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲ የበረሃ አንበጣን ባሕርይ መረመሩ። ተመልሰው በፍራንክፈርት ሲያስተምሩ ናዚዎች በ1933 ሥልጣን ያዙ፤ ፍሬንክልም አይሁዳዊ በመሆናቸው ከሥራቸው ተባረው ወደ ለንደን ተሰደዱ። በስደት ላይ ሳሉ የዝንብ እጭ ቅርፁን የሚለውጠው በሆርሞን አማካይነት መሆኑን በሙከራ አሳዩ።

ለኋለኛው ጽንሰ ሐሳባቸው መሠረት የጣለው ግን የጎተራ ተባዮች ጥናት ነው። ፍሬንክል በተከማቸ እህልና ዱቄት ውስጥ የሚኖሩ ነፍሳት የትኞቹን ቫይታሚኖች እንደሚሹ አንድ በአንድ መረመሩ። በ1948 ወደ አሜሪካው ኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ከተዛወሩ በኋላም የዱቄት ትል ያለ እርሱ ሊያድግ የማይችለው ንጥረ ነገር ካርኒቲን መሆኑ ተረጋገጠ። ከእነዚህ ጥናቶች የተረዱት ዐቢይ ነገር የነፍሳት መሠረታዊ የምግብ ፍላጎት እጅግ ተመሳሳይ መሆኑን ነው። አረንጓዴ ቅጠል ሁሉ ይህን ፍላጎት በሞላ ጎደል የሚያሟላ ከሆነ፣ አንዱ ነፍሳ ጎመንን ብቻ፣ ሌላው ትምባሆን ብቻ የሚመርጠው ስለ ምንድን ነው?

መልሳቸውን በ1959 በሳይንስ መጽሔት አሳተሙ። እንደ ፍሬንክል አገላለጽ እነዚህ ውህዶች ዝቃጭ ሳይሆኑ ተክሉ ከተመጋቢዎቹ የሚከላከልባቸው መሣሪያዎች ናቸው፤ መከላከያውን የሰበረ ነፍሳ ደግሞ ያንኑ ውህድ ምግቡን የሚለይበት ምልክት ያደርገዋል። ሐሳቡ ሥር እንዳለው አልሸሸጉም፦ ኤርንስት ሽታል በ1888 በቀንድ አውጣዎች ላይ ባደረገው ጥናት የመከላከያውን ሐሳብ አቅርቦ ነበር። የኔዘርላንዱ ፈርሻፌልትም በ1910 የሰናፍጭ ውህድ የተቀባ ባዕድ ቅጠልን የጎመን ቢራቢሮ እጭ እንደሚበላ አሳይቷል። ፍሬንክል በተራቸው ከተማሪያቸው ጋር በትምባሆ ትል ላይ ሠርተው፣ ትሉን ለመብላት የሚያነሣሣ ንጥረ ነገር በድንች ቤተሰብ ተክሎች ቅጠል ውስጥ መኖሩን አረጋገጡ።

ጽንሰ ሐሳቡ ያለ ተቃውሞ አልተስፋፋም። እንግሊዛዊው ኬኔዲ በክሽክሽ ላይ ያደረገውን ጥናት መነሻ በማድረግ፣ ነፍሳት የሚመርጡት በምልክት ውህዶች ብቻ ሳይሆን በቅጠሉ የምግብ ይዘትም ጭምር መሆኑን ተከራከረ። የቅጠል ዕድሜ የክሽክሽን ምርጫ መለወጡ የምግብ ይዘት ለሁሉም እኩል ነው የሚለውን የፍሬንክል መነሻ የሚፈትን ነበር። ፍሬንክልም በ1969 ጽንሰ ሐሳባቸውን መልሰው የገመገሙበትን ጽሑፍ አሳተሙ።

ከእርሳቸው በኋላ የመጡ ጥናቶች መከላከያው በምን መንገድ እንደሚሰበር አብራርተዋል። የትምባሆ ትል የበላውን ኒኮቲን አብዛኛውን ፈጥኖ ያስወግዳል። የጎመን ቢራቢሮ እጭ ደግሞ በአንጀቱ ባለው ፕሮቲን አማካይነት የጎመኑ ግሉኮሲኖሌት ወደ መርዛማ ውህድ ሳይሆን ጉዳቱ ወደ ቀነሰ ናይትራይል እንዲለወጥ ያደርጋል። ኤርሊክና ሬቨን በ1964 ስለ ዕጽዋትና ቢራቢሮዎች የጋራ ዝግመተ ለውጥ ያቀረቡት ሐሳብም ከዚሁ ጥያቄ ጋር የተሳሰረ ነው።

ፍሬንክል በ1984 በኧርባና ከተማ አረፉ። የምግብ ይዘት ምን ያህል፣ መርዝስ ምን ያህል የነፍሳትን ምርጫ ይወስናል የሚለው ክርክር ዛሬም በእያንዳንዱ ነፍሳና ተክል ላይ በሙከራ መመርመር የሚገባው ነው። ዝቃጭ ተብለው የተናቁት ውህዶች ግን ከእርሳቸው ጽሑፍ ወዲህ በጥናቱ ማእከል ላይ ይገኛሉ።