ጆሴፍ ስታሊንና የፋብሪካው ጥድፊያ

በዚህ ዕትም የምናቀርብላችሁ የጆሴፍ ስታሊንን የሕይወት ታሪክ ነው። (ዓመቶቹ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ስታሊን በ1878 ጆርጂያ ውስጥ ጎሪ በምትባል ከተማ ከጫማ ሰፊ አባት ተወለደ። እናቱ ቄስ እንዲሆንላት ቲፍሊስ ከሚገኝ መንፈሳዊ ትምህርት ቤት አስገባችው፤ እሱ ግን አብዮተኛ ሆኖ በ1899 ወጣ። ስታሊን የትግል ስሙ ሲሆን የአረብ ብረት ሰው እንደማለት ነው። በ1922 የፓርቲው ዋና ጸሐፊ ሆነ፤ ሌኒን በ1924 ከሞተ በኋላም ተቀናቃኞቹን አንድ ባንድ ገፍቶ ሥልጣኑን ጠቀለለ።

እንግዲህ ያ ሁሉ ጥድፊያ ለምን አስፈለገ? ፓርቲው የወዛደር ፓርቲ ነኝ ይላል፤ በአገሩ ግን ከአምስት ሰው አራቱ የገጠር ሰው ነው። ሩሲያ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ተደቁሳለች፤ የከበቧት መንግሥታትም ወዳጆች አልነበሩም። ስታሊን በ1931 ባደረገው ንግግር አገሪቱ ካደጉት ከ50 እስከ 100 ዓመት ወደኋላ መቅረቷንና ይህን በ10 ዓመት ካላካካሰች እንደምትደመሰስ አስጠነቀቀ። ገንዘቡስ ከየት ይምጣ? የዛሩን ዕዳ በ1918 ስለሰረዙ የረጅም ጊዜ አበዳሪ እንደልብ አይገኝም። ስለዚህ ገበሬው በኅብረት እርሻ ተሰበሰበ፤ እህሉ በርካሽ እየተወሰደ ውጭ አገር ተሸጦ ማሽን ተገዛበት። ጎስፕላን የተባለው የዕቅድ መሥሪያ ቤት ሞስኮ ተቀምጦ ኮታ ያወጣል። የመጀመሪያው የ5 ዓመት ዕቅድ በ1928 ተጀመረ፤ የስታሊንግራድ ትራክተር ፋብሪካ በ1930 ሥራ ጀመረ፤ የብረቷ ከተማ ማግኒቶጎርስክም ከባዶ ሜዳ ተነሣች። ይህ እንዲያው ዝም ብሎ የሚታለፍ ሥራ አይደለም።

እኛን የአሬሮ ልጆችን የበለጠ ያሳሰበን ግን የካዛክስታን ነገር ነው። ካዛኮች ልክ እንደ ቦረና ሕዝብ ውሃና ሣር ተከትለው የሚኖሩ አርብቶ አደሮች ነበሩ። ካድሬው መጥቶ በግድ አሰፈራቸው፤ ከብታቸውን ለኅብረቱ አስረከቡ፣ የሥጋና የእህል ኮታም ተጣለባቸው። ብዙው ከብት በየበረቱ መኖ አጥቶ አለቀ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከአሥር እንስሳ ዘጠኙ ገደማ ጠፋ፤ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰውም በረሃብ ሞተ። በዩክሬንም በ1932 እና በ1933 ሚሊዮኖች አልቀዋል። ከብት ያለቀበት ሰው እንዴት እንደሚሆን ለቦረና ሰው ማን ይነግረዋል?

ጀርመን በ1941 ስትወር ያ ብረት ታንክ ሆኖ አገሪቱን አዳነ። ለዚህ ነው ጥድፊያው ልክ ነበር የሚሉ ጓደኞች በመካከላችን አሉ፤ በሻይ ሰዓት ብዙ ተከራክረናል። እኛ ግን በአንድ ነገር አንስማማም፤ በረት ውስጥ የሞተው የካዛኩ ከብት ሥጋም፣ ማሽንም፣ ታንክም አልሆነም።

ስታሊን በመጋቢት 1953 ሞተ። ከሦስት ዓመት በኋላ ተተኪው ክሩሽቾቭ በዝግ ጉባዔ ፊት ስለ ግድያውና ስለ እስራቱ ዘረዘረ፤ የካዛኮቹን ረሃብ ግን አላነሣውም።