ትንፋሽ ያጠረው የሚላኖ መምህር

አማርኛችን ለዕረፍት የሰጠው ቃል ብዙ ይሸከማል። ሠራተኛው የዓመት ፈቃዱን ሲወስድ ዕረፍት ወጣ እንላለን፤ መንገደኛው ዛፍ ጥላ ሥር ሲቀመጥ አረፈ እንላለን፤ ሰው ሲሞትም ያው አረፈ ነው የምንለው። ድካምም እንደዚሁ ብዙ ዓይነት ነው። አንዱ ድካም እንቅልፍ የሚያነሳው ነው፤ ሸክም ሲያወርድ የዋለ ሰው ራቱን በልቶ ይተኛል፣ ጠዋት ደህና ነው። ሌላው ግን አብሮ ተኝቶ አብሮ የሚነሳ ነው። ሐኪም ዘንድ ቢሄዱ ግፊት ይለካል፣ ጥቂት ቀን እረፍ ይባላል፤ ታርፎም አይለቅም።

ስለዚህኛው ድካም ባሰብኩ ቁጥር ቀድሞ ትዝ የሚለኝ ሰው ከሞተ 1,600 ዓመት ሊሞላው ጥቂት የቀረው ነው። አውግስጢኖስ ይባላል። በነገረ መለኮትና በፍልስፍና መጻሕፍት ስሙን የምታገኙት እንደ ትልቅ ጳጳስና ጸሐፊ ነው። እኔ ግን ዛሬ ላወራችሁ የፈለግሁት ጳጳስ ከመሆኑ በፊት ስለነበረው ሰው ነው፤ ደረቱን እያመመው፣ ድምፁ እየጠፋበት፣ ራሱ የማያምንበትን ነገር እያሳመረ ስለሚናገር የ31 ዓመት መምህር። (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር አድርጌያቸዋለሁ።)

በ354 ዓ.ም. በሰሜን አፍሪካ፣ ታጋስቴ በተባለች ትንሽ ከተማ ተወለደ። ቦታው ዛሬ በአልጄሪያ ሱቅ አህራስ ነው። አባቱ ፓትሪኪዮስ መጠነኛ መሬት የነበረው፣ በዕድሜው መጨረሻ ክርስትናን የተቀበለ ሰው ነበር፤ እናቱ ሞኒካ ግን አጥብቃ የምትጸልይ ክርስቲያን ነበረች። ቤተሰቡ ተስፋውን የጣለው በዚህ ልጅ ትምህርት ላይ ነው። 16 ዓመት ሲሞላው ገንዘብ አለቀና ዓመቱን ሙሉ ቤት ዋለ። ኋላ ሮማንያኖስ የሚባል የአገሩ ባለጸጋ ደጎመውና ካርቴጅ ገብቶ የንግግር ጥበብ ተማረ። ታሪኩ ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ ያለውን አሟጦ አንድ ልጅ የሚያስተምር ቤተሰብ፣ ያንን ዕዳ በጀርባው አዝሎ የሚሮጥ ልጅ፣ በየሰፈራችን አለ።

አውግስጢኖስም ሮጠ። ካርቴጅ ላይ ሲያስተምር ተማሪዎቹ ረባሽ ሆኑበት። በ383 ዓ.ም. ወደ ሮም ተነሣ፤ ሲሄድም እናቱን ዋሽቶ ነው። እሷ ወደቡ አጠገብ በነበረው የሰማዕቱ ቆጵርያኖስ ቤተ ጸሎት ስታለቅስ አድራ ጠዋት ብትወጣ ልጇ ሌሊቱን በመርከብ ሄዷል። ሮም እንደደረሰ በትኩሳት ታሞ ለጥቂት ተረፈ። ተነሥቶ ማስተማር ሲጀምር ደግሞ የሮም ተማሪዎች ጨዋዎች ናቸው፤ ብቻ የክፍያው ቀን ሲደርስ ተማክረው ወደ ሌላ መምህር ይሄዳሉ። የቤት ለቤት አስጠኚዎች ይህን ሲያነቡ ፈገግ እንደሚሉ እገምታለሁ።

በመጨረሻ ትልቁ ዕድል መጣ። ሚላኖ ያኔ የንጉሠ ነገሥቱ መቀመጫ ነበረች፤ ከተማዋ በመንግሥት ደመወዝ የሚቀጠር የንግግር ጥበብ መምህር ስትፈልግ፣ በ384 ዓ.ም. ቦታውን እሱ አገኘው። ዛሬ ቢሆን የዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰርነትንና የቤተ መንግሥት ንግግር ጸሐፊነትን ባንድ ላይ እንደ መያዝ ነው። በቃ፣ ደረሰ የሚባልበት ቦታ ደረሰ። ድካሙም የጀመረው፣ ወይም የታወቀው፣ ያኔ ነው።

ኋላ ኑዛዜ በተባለው መጽሐፉ የዚያን ጊዜ ውሎውን ራሱ ዘርዝሮታል። ጠዋቱን ተማሪዎች ይወስዱታል። ከሰዓት በኋላ ለሹመት የሚያጩትን ባለሥልጣናት ደጅ መጥናት አለ፤ ለነገ የሚሸጠውን ትምህርት ማዘጋጀትም አለ። መጽሐፍ የሚያነብበት፣ ስለ ነፍሱ የሚያስብበት ሰዓት ይፈልጋል፣ አያገኝም። አንድ ቀን ለንጉሠ ነገሥቱ የውዳሴ ንግግር ሊያደርግ ነበር፤ ብዙው ውሸት እንደሆነና ውሸት መሆኑን የሚያውቁ ሰዎች እንደሚያጨበጭቡለት ያውቃል። በጭንቀት ተወጥሮ ከጓደኞቹ ጋር ሲሄድ በመንገድ ዳር አንድ የሰከረ ለማኝ አየ፤ ሰውዬው ይስቃል፣ ይቀልዳል። አውግስጢኖስ እዚያው ቆሞ ለጓደኞቹ ምሬቱን ነገራቸው። ለማኙ በጥቂት ሳንቲም የገዛውን ደስታ እሱ በዚያ ሁሉ ልፋት አላገኘውም። የለማኙ ደስታ እውነተኛ እንዳልሆነ አላጣውም፤ ግን ሰውዬው ሌሊቱን ተኝቶ ስካሩ ይለቀዋል፣ የእሱ ግን አብሮት ተኝቶ አብሮት ይነሣል።

ይህ የሹመት ሩጫ ያስከፈለውን ዋጋ ሳነሳ አንዲት ሴት አለች፤ ብዙ ሰባኪዎች ዘለዋት ያልፋሉ። ከ10 ዓመት በላይ አብራው የኖረች፣ አዴዎዳቶስ የሚባል ልጅ የወለደችለት ሴት ናት። ስሟን እንኳ አልጻፈልንም። ለሥልጣን የሚያበቃ ጋብቻ ሲታጭለት እሷ ልጇን ጥላ ወደ አፍሪካ ተመለሰች። የታጨችለት ልጅ ለጋብቻ ዕድሜዋ ስላልደረሰ ሁለት ዓመት መጠበቅ ነበረበት፤ አልጠበቀም፣ ሌላ ሴት ያዘ። ልቡ እንደቆሰለ ራሱ ጽፏል። የእሷ ልብ እንዴት እንደሆነ የጻፈ የለም።

በሃይማኖቱም በኩል ቢሆን መንከራተቱ ቀላል አልነበረም። ዘጠኝ ዓመት ያህል የማኒን ትምህርት ተከተለ፤ እሱ ሲያሳፍረው ምንም ነገር በእርግጥ አይታወቅም ወደሚሉት ፈላስፎች አዘነበለ። ሚላኖ ላይ የጳጳሱን የአምብሮስዮስን ስብከት መስማት ጀመረ፤ መጀመሪያ የሄደው ለአነጋገሩ ነው፣ የሙያ ነገር። ቀስ በቀስ ግን ይዘቱም ገባው። አእምሮው አመነ፤ ሕይወቱ ግን አልተከተለውም። እኔ በዚህ ታሪክ ውስጥ ከሁሉ የሚከብደኝ ይህ ጊዜ ነው። የማያምን ሰው ቢያንስ አያምንም፤ እሱ ግን እያመነ ነገ ነገ ይላል።

በ386 ዓ.ም. ክረምት ላይ ሰውነቱ እምቢ አለ። በማስተማር ብዛት ሳንባው ተዳከመ፤ ትንፋሽ ያጥረዋል፣ ደረቱን ይወጋዋል፣ ጥርት አድርጎ ረዘም ያለ ንግግር መናገር አቃተው። እንጀራው ድምፁ ለሆነ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ አስቡት።

በነሐሴ ወር ጶንጢቅያኖስ የሚባል በቤተ መንግሥት የሚሠራ አፍሪካዊ የአገሩ ሰው እነሱ ቤት መጣና ጨዋታ ሲያመጣ ስለ ግብፃዊው መነኩሴ ስለ እንጦንስ አወራላቸው። እኛ አባ እንጦንስ የምንላቸው ናቸው። ሁለት ሹማምንት የእሳቸውን ገድል አንብበው እዚያው ሥራቸውን ትተው መመነናቸውንም ነገራቸው። ሰውዬው ሲሄድ አውግስጢኖስ ተረብሾ ከወዳጁ ከአሊጲዮስ ጋር ወደ ግቢው የአትክልት ቦታ ወጣ። ከዚያም ብቻውን ራቅ ብሎ በለስ ሥር ወድቆ አለቀሰ። ከጎረቤት ቤት የሕፃን የመሰለ ድምፅ አንሥተህ አንብብ እያለ እንደ ዜማ ሲደጋግም ሰማ። የጳውሎስን መልእክታት አንሥቶ ገለጠ፤ ያገኘው ለሮሜ ሰዎች ከተጻፈው 13ኛው ምዕራፍ ነበር። ከዚያ ቦታ አልፎ ማንበብ አላስፈለገውም።

ብዙ ሰው ታሪኩን እዚህ ላይ ይጨርሰዋል። አመነ፣ ዐረፈ፣ አለቀ። እኔን ግን የሚማርከኝ ከዚያ በኋላ ያሉት ወራት ናቸው።

መጀመሪያ ነገር፣ በማግሥቱ ሥራውን ጥሎ አልወጣም። ለወይን ለቀማው ዕረፍት 20 ቀን ያህል ቀርቶት ነበር፤ ታይታ ፈላጊ መስሎ እንዳይታይ እስከዚያ ድረስ በዚያ ደረት ማስተማሩን ቀጠለ። ድሮ ይወስደው የነበረው ምኞት ስለለቀቀው ቀኖቹ እጅግ ከበዱት፤ በትዕግሥት ቆጠራቸው። ዕረፍቱ ሲያልቅ ለሚላኖ ሰዎች ሌላ መምህር እንዲፈልጉ ላከባቸው። ምክንያቱንም ሁለት አድርጎ ነው የነገራቸው፦ እግዚአብሔርን ለማገልገል መወሰኑንና ደረቱን። ሕመሙን ከእምነቱ ጀርባ አልደበቀም፤ እምነቱንም ከሕመሙ ጀርባ አልደበቀም።

ቬሬኩንዶስ የሚባል መምህር ወዳጁ ካሲቅያኩም በተባለ ስፍራ የነበረውን የገጠር ቤቱን ለቀቀላቸው። እናቱ ሞኒካ፣ ልጁ፣ ወንድሙ፣ አሊጲዮስ፣ ሁለት የአጎት ወይም የአክስት ልጆችና ሁለት ተማሪዎች ሆነው እዚያ ከረሙ። ይህ ሱባኤ ነው እንዳልል ሳቁ ብዙ ነው፤ ሽርሽር ነው እንዳልል ጸሎቱና ክርክሩ ብዙ ነው። ፀሐይ ሲወጣ ሜዳ ላይ፣ ሲደምን መታጠቢያ ቤቱ ውስጥ ተቀምጠው ስለ ደስታ፣ ስለ እውነት፣ ስለ ዓለም ሥርዓት ይወያያሉ፤ አንድ ሰው ይጽፋል። ከእነዚህ ውይይቶች አንዱ የተጀመረው በኅዳር 13 ቀን፣ በልደቱ፣ ቀለል ያለ ምሳ ከበሉ በኋላ ነው። ያልተማረችው ሞኒካ በውይይቱ መካከል የምትናገረው ልጇን ያስደንቀው ነበር። ሊኬንጥዮስ የሚባለው ተማሪ ደግሞ ሌሊት ሽንት ቤት ገብቶ መዝሙር በረጅሙ ሲያዜም ሞኒካ ሰምታ ቦታው አይደለም ብላ ተቆጣችው። እንዲህ ያለ ቤት ነበር።

እሱም ቢሆን ሌሊቱን እኩሌታ ነቅቶ ነበር የሚያድረው። እንቅልፍ ማጣት ካልነው፣ ያልተለወጠ ልማዱ ነው። የተለወጠው የሚያነቃው ነገር ነው። ድሮ ነገ ማንን ላስደስት የሚል ነበር፤ አሁን ጨለማው ውስጥ ያስባል፣ ይጸልያል፣ የውኃ መውረጃው ድምፅ ለምን አንዴ ከፍ አንዴ ዝቅ እንደሚል ከተማሪዎቹ ጋር ያወራል። ዳዊትንም እየደገመ ያለቅስ ነበር፤ በተለይ አራተኛው መዝሙር፣ በሰላም ስለ መተኛት የሚናገረው፣ በጣም ነክቶታል። አንድ ጊዜ ጥርሱን ክፉኛ አሞት መናገር ሲያቅተው በሰም ሰሌዳ ላይ ጸልዩልኝ ብሎ ጽፎ ሰጣቸው፤ ሲንበረከኩ ሕመሙ ተወው። ለጥምቀት ለመዘጋጀት ምን ላንብብ ብሎ አምብሮስዮስን ሲጠይቅ ኢሳይያስን አለው። ገለጠው፣ መጀመሪያው አልገባውም፣ ሌላ ጊዜ ብሎ አስቀመጠው። ይህቺን ነገር እወዳታለሁ። ከጥቂት ወራት በፊት ቢሆን ኖሮ ያልገባውን እንደገባው አድርጎ ይናገርበት ነበር።

በ387 ዓ.ም. በትንሣኤ ሌሊት ከልጁና ከአሊጲዮስ ጋር በአምብሮስዮስ እጅ ተጠመቀ። በዚያው ዓመት ወደ አፍሪካ ሊሻገሩ ኦስጥያ ወደብ ሳሉ ሞኒካ በ56 ዓመቷ ታመመችና በዘጠነኛው ቀን ሞተች። ከቀብር በኋላ ሐዘን ያቀላል ሲባል ሰምቶ ገላውን ታጠበ፤ አላቀለለትም። ከዚያ ተኛ፤ ሲነቃ ትንሽ ቀሎት ነበር፤ አምብሮስዮስ የደረሰው የማታ መዝሙር ትዝ አለው። በኋላም አለቀሰላት፤ ማልቀሱንም አላፈረበትም።

ዕረፍት ያገኘ ሰው ሥራ ይቀንስለታል ብሎ የሚያስብ አንባቢ ካለ ከዚህ በኋላ ያለውን ይመልከት። ታጋስቴ ተመልሶ በጸጥታ ሊኖር አሰበ፤ ልጁ አዴዎዳቶስ ገና በአፍላ ዕድሜው ሞተበት። በ391 ዓ.ም. ወደ ሂፖ ከተማ ለጉዳይ ቢሄድ ሕዝቡ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ይዞ ካላቀሰስከው ብሎ ለጳጳሱ አቀረበው፤ እያለቀሰ ተሾመ። ጥቂት ዓመት ቆይቶ ጳጳስ ሆነ፤ ከዚያ በኋላ ከ30 ዓመት በላይ ዳኝነት፣ ስብከት፣ ደብዳቤ፣ ክርክር ሆነ። የመሬትና የውርስ ጠብ ሰምቶ ሲፈርድ አንዳንድ ቀን እስከ ምሽት ሳይበላ ይውል ነበር። ሳንባው ጠንካራ አይደለም ተብሎ የነበረው ሰው!

በሳምንት አምስት ቀን መጽሐፍ ልሥራበት፣ ተዉኝ ብሎ ከሕዝቡ ጋር በጽሑፍ ተስማምቶ ነበር። ጥቂት ጊዜ አከበሩለት፤ ከዚያ ረሱት። በ426 ዓ.ም. 70 ዓመት ሲያልፈው ኤራቅሊዮስ የሚባል ቄስ ተተኪው እንዲሆን አስመርጦ ጉዳዩን ሁሉ ወደሱ እንዲወስዱ እንደገና ለመናቸው። ተዉኝ ማለትን አያፍርም ነበር። የመንፈሳዊ ሰው ድካም ኃጢአት ይመስል ለሚደብቁ አገልጋዮች ይህቺ ስምምነት ብትነበብ ጥሩ ነው።

በ430 ዓ.ም. ቫንዳሎች አፍሪካን እያቃጠሉ መጥተው ሂፖን ከበቡ። በከበባው በሦስተኛው ወር ትኩሳት ያዘው። ከዳዊት መዝሙሮች ጥቂቶቹን፣ የንስሐዎቹን፣ አስገልብጦ በአልጋው ትይዩ ግድግዳው ላይ አስለጠፈ። ለ10 ቀን ያህል ሐኪም ሲመጣና ምግብ ሲገባ ካልሆነ በቀር ማንም እንዳይገባ አዘዘ፤ በዚህኛው ጊዜ ቃሉን ጠበቁለት። ተኝቶ ግድግዳውን ያነባል፣ ያለቅሳል፣ ይጸልያል። ነሐሴ 28 ቀን ዐረፈ። ኑዛዜ የሚጻፍበት ንብረት አልነበረውም፤ መጻሕፍቱ ብቻ በጥንቃቄ እንዲጠበቁ አደራ ብሎ ነበር። ከበባው ከእሱ በኋላም ቀጠለ።