ለጠፉና ለተጣሉ ውሾች ቤት የከፈቱት ወይዘሮ ሜሪ ቲልቢ

ውሻ በበላበት ይጮኻል ይባላል። ይህ አባባል ውሻ ላበላው ጌታው ታማኝ መሆኑን ለማስረዳት የሚነገር ነው። ጌታው ያባረረው፣ ወይም መንገድ ጠፍቶት ከቤቱ የራቀ፣ ወይም ሲያረጅና ሲታመም ከደጅ የተጣለ ውሻ ግን የሚበላበትም የሚጮኽበትም ደጅ የለውም። በዛሬው ጽሑፋችን፣ እንዲህ ላሉት ውሾች በዓለም የታወቀ መጠለያ የመሠረቱትን የእንግሊዛዊቱን የወይዘሮ ሜሪ ቲልቢን ታሪክ ለአንባብያን በአጭሩ ለማቅረብ እንወዳለን። የምንጠቅሳቸው ቀኖችና ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

ወይዘሮ ሜሪ የተወለዱት በዲሴምበር 30 ቀን 1801 ዓ.ም. ሃንቲንግደን በምትባል የእንግሊዝ አገር ከተማ ነው። የልጅነት ስማቸው ሜሪ ቤትስ ነበር። በ1829 ዓ.ም. ሮበርት ቲልቢ የሚባሉ የእንጨት ነጋዴ አግብተው ቲልቢ ተባሉ። ነገር ግን ትዳሩ እስከ መጨረሻው አልዘለቀም። ከባለቤታቸው ተለይተው ወደ ሎንዶን መጡና በከተማው ሰሜን በኩል፣ ከወንድማቸው ከቄስ ኤድዋርድ ቤትስ ጋር ይኖሩ ጀመር። ስማቸውን ያስጠራውን ሥራ በጀመሩ ጊዜ ዕድሜያቸው 58 ዓመት ነበር። ሹመትም ሆነ ብዙ ሀብት አልነበራቸውም። በዚያን ዘመን የእንግሊዝ ሴት ለፓርላማ እንደራሴ ለመምረጥ እንኳ መብት ያልነበራት መሆኑን ማሰብ ይገባል። ይህ መብት ለሴቶች መሰጠት የጀመረው በ1918 ዓ.ም. ነውና።

የወይዘሮ ሜሪን ሥራ ለመረዳት የጊዜውን ሎንዶን ማወቅ ያስፈልጋል። በ1860 ዓ.ም. የከተማው ሕዝብ ከ2 ሚሊዮን ተኩል በላይ ሆኖ ነበር። መንገዱ በፈረስና በጋሪ የተጨናነቀ፣ አየሩ በፋብሪካ ጢስ የታፈነ፣ ድኻው በየጥጋጥጉ የተጣለበት ከተማ ነበር። በዚህ ሁሉ መካከል ባለቤት የሌላቸው ውሾች በየጐዳናው ይንከራተቱ ነበር። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት በሉዊ ፓስተር ተገኝቶ በሰው ላይ የተሞከረው በ1885 ዓ.ም. ስለ ሆነ፣ ከዚያ በፊት በበሽታው የተያዘ ውሻ ነክሶት የታመመ ሰው ተስፋ አልነበረውም። ስለዚህ ሕዝቡ የጐዳና ውሻን ይፈራው ነበር፤ የሚፈራውን ደግሞ በዱላና በድንጋይ ያሳድደው ነበር።

በሌላ በኩል የመልካም ዘር ውሻ ውድ ዕቃ ነበር። ሌቦች ከሀብታሞች ቤት ውሻ እየሰረቁ፣ ለመመለስ ገንዘብ ይጠይቁ ነበር። በ1846 ዓ.ም. ዝነኛዋ ባለቅኔ ኤልሳቤጥ ባሬት ፍለሽ የሚባለውን ውሻቸውን ያስመለሱት ለሌቦች ገንዘብ ከፍለው ነው። እንግዲህ በአንድ ከተማ ውስጥ አንዱ ውሻ በወርቅ ሲዋጅ ሌላው በድንጋይ ይሞት ነበር ማለት ነው።

እውነት ነው፤ እንግሊዞች ለእንስሳት የሚራራ ሕግ ማውጣት የጀመሩት ቀደም ብለው ነው። በ1822 ዓ.ም. ከብትና ፈረስን ያለ አግባብ መደብደብን የሚከለክል ሕግ ወጣ። በ1824 ዓ.ም. በእንስሳት ላይ የሚደረገውን ጭካኔ የሚከላከል ማኅበር ተቋቋመ። በ1835 ዓ.ም. ደግሞ ውሻን ከውሻ ማዋጋት ተከለከለ። ነገር ግን እነዚህ ሕጎች የሚቀጡት ጨካኙን ሰው ነበር። ማንም ሳይመታው በረኀብ ለሚሞተው ውሻ ግን የሚያስጠጋው ሕግም ሆነ ቤት አልነበረም። ወይዘሮ ሜሪ ያዩት ጕድለት ይህ ነበር።

የሥራው መነሻ እንደሚከተለው ይተረካል። በ1860 ዓ.ም. የወይዘሮ ሜሪ ወዳጅ የሆኑ ወይዘሮ ሜጀር የሚባሉ ሴት፣ ካኖንበሪ በሚባለው ሠፈር አንድ በረኀብ ሊሞት የደረሰ ውሻ አገኙና ወደ ማድ ቤታቸው አስገቡት። ወይዘሮ ሜሪም አብረው ያስታምሙት ጀመር። ውሻው ግን ከመዳከሙ ብዛት ሊድን አልቻለምና ሞተ። ሁለቱ ሴቶች ይህን ካዩ በኋላ፣ አዝኖ መለየት እንደማይበቃ ተረዱ። ወይዘሮ ሜሪ ከመንገድ የሚያገኟቸውን ውሾች እያመጡ በገዛ ቤታቸው የዕቃ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ ማኖር ጀመሩ። ውሾቹ እየበዙ ሲሄዱ ክፍሉ ጠበበ። ስለዚህ ሆሎዌይ በሚባለው ሠፈር የፈረስ ጋጣ ተከራይተው፣ በኦክቶበር 2 ቀን 1860 ዓ.ም. መጠለያውን በይፋ ከፈቱ። ስሙንም የጠፉና የተራቡ ውሾች ጊዜያዊ ማረፊያ አሉት።

ነገሩ በተሰማ ጊዜ ብዙ ሰው ሳቀ። ታይምስ የተባለው ታላቅ ጋዜጣ እንኳ በዚያው ወር ሐሳቡን እንደ ዘበት አድርጎ ጻፈበት። ነቃፊዎቹ ያቀረቡት ክርክር እንዲሁ በቀላሉ የሚናቅ አልነበረም። በሎንዶን ጐዳና ላይ ወላጅ አልባ ሕፃናት እያደሩ፣ ለውሻ ቤት መክፈት ተገቢ አይደለም የሚል ነበር። ይህ ጥያቄ ዛሬም ቢሆን በየአገሩ ይነሣል። እኛ እንደሚመስለን ግን፣ ርኅራኄ በገንዘብ ሣጥን ውስጥ እንዳለ ብር ለአንዱ ሲሰጥ ለሌላው የሚጐድል ነገር አይደለም። እንስሳትን ከጭካኔ ለመከላከል የተቋቋመውን ማኅበር ከመሠረቱት ሰዎች መካከል ዊልያም ዊልበርፎርስ ይገኙበታል፤ እኒህም ሰው የባሪያን ንግድ ለማስቀረት ዕድሜያቸውን ሙሉ የታገሉ ናቸው። ለእንስሳ የሚራራ ልብ ለሰው የማይራራ መሆኑን ይህ አያሳይም።

ወይዘሮ ሜሪ ለፌዙ መልስ በመስጠት ጊዜያቸውን አላጠፉም። ፊታቸውን ወደ ሥራ መለሱ። በኖቬምበር 1860 ዓ.ም. የመጠለያው ኮሚቴ የመጀመሪያውን ስብሰባ አደረገ፤ ለስብሰባው ቢሮውን የሰጠውም ቀደም ብለን የጠቀስነው የእንስሳት ተከላካይ ማኅበር ነበር። ወንድማቸው ቄስ ኤድዋርድም ከጐናቸው ቆመው ረዱ። ገንዘብ የሚሰበሰበው ከበጎ አድራጊዎች በሚገኝ መዋጮ ነበር። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንደ ተባለው፣ የብዙ ሰዎች ትንሽ ትንሽ እርዳታ ቤቱን አቆመው።

ወጣት የመንግሥት ሠራተኞች የሆኑ አንባብያን በተለይ ሊያስተውሉት የሚገባው የቤቱን ደንብ ነው። ውሻ የጠፋበት ሰው መጥቶ የራሱ መሆኑን ካስረዳና የቀለቡን ወጪ ከከፈለ፣ ውሻው ይመለስለት ነበር። ውሻ ይዞ ለሚመጣ ሰው ግን ምንም ዋጋ አይከፈለውም ነበር። ይህ የተደረገበት ምክንያት፣ ዋጋ ቢከፈል ሌቦች የሰውን ውሻ እየሰረቁ ወደ መጠለያው ማምጣት እንዳይጀምሩ ነው። እንዲሁም ቤቱ የደከመውን ውሻቸውን ጥለው ለመገላገል ለሚፈልጉ ባለጸጎች የጡረታ ቤት እንዳልሆነ በደንቡ ተገልጦ ነበር። ከዚህ የምንረዳው፣ ወይዘሮ ሜሪና ጓደኞቻቸው ቤቱን በርኅራኄ ብቻ ሳይሆን በጥንቃቄም ያቋቋሙት መሆኑን ነው።

በ1862 ዓ.ም. በቻርልስ ዲክንስ አዘጋጅነት ይወጣ በነበረው ሳምንታዊ መጽሔት ላይ ስለ ሁለት የውሾች ትርኢት አንድ ጽሑፍ ወጣ። አንደኛው ትርኢት በኢዝሊንግተን አዳራሽ የተደረገው የባለ ዘር ውሾች ውድድር ነው። ሁለተኛው ግን ከዚያ ሳይርቅ የሚገኘው የወይዘሮ ሜሪ መጠለያ ነበር። ጸሐፊው በአዳራሹ ውስጥ የሚሸለሙትን የተቀለቡ ውሾች፣ በጋጣው ውስጥ ካሉት ከሲታ ውሾች ጋር እያነጻጸረ መጠለያውን አመሰገነ። መጽሔቱ ብዙ አንባቢ ስለ ነበረው፣ ቀድሞ የሳቀው ሕዝብ ቤቱን በሌላ ዓይን ይመለከት ጀመር።

ወይዘሮ ሜሪ ግን የሥራቸውን ፍሬ ብዙ ጊዜ ለማየት አልታደሉም። በነቀርሳ በሽታ ተይዘው፣ በኦክቶበር 3 ቀን 1865 ዓ.ም. ቢግልስዌድ በምትባል ከተማ ዐረፉ። መጠለያውን ከከፈቱ አምስት ዓመት ከአንድ ቀን ሆኗቸው ነበር። ወንድማቸውም በ1876 ዓ.ም. በሞቱ ጊዜ በዚያው በእኅታቸው መቃብር ተቀበሩ።

ብዙ የበጎ አድራጎት ሥራ ከመሥራቹ ጋር ይሞታል። የወይዘሮ ሜሪ ሥራ ግን ኮሚቴና ደንብ ስለ ነበረው አልሞተም። በ1867 ዓ.ም. የወጣ ሕግ፣ ጠባቂ ሳይኖረው በሎንዶን መንገድ የሚገኘውን ውሻ ፖሊስ እንዲይዝ ሥልጣን ሰጠ። መጠለያውም ፖሊስ የያዛቸውን ውሾች መቀበል ጀመረ። የውሾቹ ቍጥር እየበዛ፣ የጎረቤቶችም አቤቱታ እየበረታ ስለ ሄደ፣ ቤቱ በ1871 ዓ.ም. ባተርሲ ወደሚባለው ሠፈር ተዛወረ፤ ዛሬም ድረስ የሚታወቀው በዚሁ ስም ነው። በ1883 ዓ.ም. ድመቶችንም መቀበል ጀመረ። በ1885 ዓ.ም. ንግሥት ቪክቶሪያ የቤቱ የበላይ ጠባቂ ሆኑ። በሃያ አምስት ዓመት ውስጥ ሰው የሚስቅበት ጋጣ የንግሥት ድጋፍ ያለው ድርጅት ለመሆን በቃ።

ይሁን እንጂ እውነቱን ሁሉ መናገር አለብን። መጠለያው የገባውን ውሻ ሁሉ ከሞት ሊያድን አልቻለም። በ1867ቱ ሕግ መሠረት ፖሊስ የያዘውን ውሻ ሦስት ቀን ሙሉ ቆይቶ የሚፈልገው ባለቤት ካልመጣ፣ መሸጥ ወይም መግደል ይቻል ነበር። ዘሩ መልካም የሆነው ውሻ ቶሎ ገዢ ያገኛል፤ ከሲታው፣ ሽማግሌውና ድብልቁ ግን የሚጠይቀው አልነበረም። በ1884 ዓ.ም. ሐኪሙ ቤንጃሚን ዋርድ ሪቻርድሰን ውሾቹ ሥቃይ ሳይሰማቸው በጋዝ ደንዝዘው የሚሞቱበትን ክፍል በባተርሲ ሠሩ። ይህ በዱላና በድንጋይ ከመሞት የተሻለ መሆኑ አይካድም። ነገር ግን ሞት ሞት ነው። ለማዳን የተከፈተ ቤት የሚገድልበትም ክፍል የግድ ያስፈለገው መሆኑ፣ ለሥራው ኀላፊዎች ከባድ ሸክም እንደሆነባቸው መገመት አያዳግትም።

ታዲያ የጐደለው ምን ነበር? ጊዜና ቤት ነው። ውሻው የሚቆይበት ቀን በጨመረ መጠን ባለቤቱ ወይም አዲስ ጌታ የማግኘት ዕድሉም ይጨምራል። በ1906 ዓ.ም. የወጣው የውሾች ሕግ ሦስቱን ቀን ወደ ሰባት ከፍ አደረገው፤ በእንግሊዝ አገር ዛሬም የሚሠራበት ይኸው የሰባት ቀን ገደብ ነው። የቤቱን ጕድለት ለመሙላት ደግሞ በሃያኛው መቶ ዓመት ሌላ ዐይነት ማኅበር ተነሣ። ይኸውም ለአንድ ዐይነት የውሻ ዘር ብቻ የቆመ የአዳኞች ማኅበር ነው።

የእንዲህ ያሉት ማኅበራት አሠራር ቀላል ነው። አንድ መጠለያ ሞልቶ አንዱ ውሻ ሊገደል ቀን ሲቈረጥለት፣ ያንን ዘር ለሚያውቁት ማኅበርተኞች መልእክት ይላካል። ከመካከላቸው አንዱ መኪናውን አስነሥቶ ይሄድና ውሻውን ይረከባል። ሌላው በቤቱ ለጥቂት ሳምንት ያኖረዋል፤ ሐኪም ያየዋል፤ ጠባዩም ይጠናል። ከዚያ በኋላ ሊወስደው የሚፈልግ ሰው ቤት ታይቶ፣ ሰውየው ውሻውን ማኖር ቢያቅተው ለማኅበሩ እንዲመልስ ፈርሞ ይረከባል። ለምሳሌ በእንግሊዝ አገር በ1975 ዓ.ም. የተቋቋመው ማኅበር፣ ከውድድር የተሰናበቱትን ግሬይሃውንድ የሚባሉ የእሽቅድምድም ውሾች ቤት እንዲያገኙ ያደርጋል። ሩጫው ሲያበቃ ጥቅሙ ያበቃ ይመስል የነበረው ውሻ በሰው ቤት ምድጃ አጠገብ ያረጃል። ይህ አሠራር ወይዘሮ ሜሪ በዕቃ ማጠቢያ ክፍላቸው የጀመሩት ያው ሥራ ነው፤ ልዩነቱ በአንድ ቤት ፈንታ በብዙ ቤቶች መሠራቱ ነው።

ባተርሲ ከተመሠረተ ጀምሮ ከ3 ሚሊዮን በላይ እንስሳትን ተቀብሏል። ይህን ያህል ብዛት ያለው ሥራ የተጀመረው አንድ ስሙ እንኳ የማይታወቅ ውሻ በማድ ቤት ወለል ላይ በመሞቱ ነው። በዚያች ዕለት ሁለቱ ሴቶች አልቅሰው ቢለያዩ ኖሮ የሚነቅፋቸው አልነበረም፤ የሚያስታውሳቸውም አይኖርም ነበር።

እኛም ከወይዘሮ ሜሪ ታሪክ የምንማረው ይህንን ነው። ማዘን ለሰው ሁሉ የተሰጠ ነው። ኀዘኑን ወደ ቤት፣ ወደ ደንብ፣ ወደ መዝገብና ወደ ሒሳብ የሚለውጠው ግን ጥቂቱ ነው። በትምህርት ቤትም ሆነ በመሥሪያ ቤት ያለ ወጣት፣ አንድ ጕድለት አይቶ ልቡ በተነካ ጊዜ፣ ነገ ሌላው ሰው ሊቀጥለው የሚችል ሥራ ለመጀመር ዕድሜውም ሹመቱም እስኪደርስ መጠበቅ አያስፈልገውም። ወይዘሮ ሜሪ በ58 ዓመታቸው፣ ያለ ሹመትና ያለ ሀብት፣ በተከራዩት የፈረስ ጋጣ ጀምረውታልና።