ጉንፔ ዮኮይ፦ የመስቀል ቅርጽ ያላትን የአቅጣጫ ቁልፍ ለዓለም ያበረከቱ መሐንዲስ

የቪዲዮ ጨዋታ መቆጣጠሪያ በእጁ ይዞ የሚያውቅ ሰው በግራ አውራ ጣቱ ሥር የምትገኘውን የመስቀል ቅርጽ ያላት የአቅጣጫ ቁልፍ ያስታውሳል። ወደ ላይ፣ ወደ ታች፣ ወደ ግራና ወደ ቀኝ የምታመለክተው ይህች ቁልፍ ዛሬ በምትታወቅበት መልኳ በ1982 ለገበያ ስትቀርብ ሥራውን የመሩት ጃፓናዊው መሐንዲስ ጉንፔ ዮኮይ ነበሩ። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ዮኮይ በሞት ከተለዩ ከሩብ ምዕተ ዓመት በላይ ተቆጥሯል። ይሁንና የሠሯቸው መሣሪያዎች በዘመኑ ኮምፒዩተሮች ላይ ዳግም እንዲሠሩ የሚደክሙ የሶፍትዌር ባለሙያዎች ዛሬም ከእሳቸው ውሳኔዎች ጋር ይገናኛሉ። ኢሙሌተር እየተባለ የሚጠራው የኮምፒዩተር ፕሮግራም የአንድን መሣሪያ አሠራር በሌላ መሣሪያ ላይ አስመስሎ የሚያሠራ ነው። ፕሮግራሙን የሚጽፍ ባለሙያ ስሌቱን፣ ስዕሉንና ድምፁን ካስተካከለ በኋላም የተጫዋቹን የጣት እንቅስቃሴ ለአሮጌው ጨዋታ በምን መልክ ማቅረብ እንዳለበት መወሰን ይኖርበታል። በበርካታ መሣሪያዎች ላይ የዚህ ጥያቄ መልስ ወደ ዮኮይ የሥራ ክፍል የሚመልስ ነው።

ጉንፔ ዮኮይ መስከረም 10 ቀን 1941 በጃፓን ኪዮቶ ከተማ ተወለዱ። በዚያው ከተማ በሚገኘው ዶሺሻ ዩኒቨርሲቲ የኤሌክትሮኒክስ ትምህርታቸውን ካጠናቀቁ በኋላ በ1965 በኒንቴንዶ ኩባንያ ተቀጠሩ። ኒንቴንዶ በ1889 የተቋቋመና በወቅቱ ሃናፉዳ በተሰኙት የጃፓን ባህላዊ የመጫወቻ ካርታዎች የሚታወቅ ድርጅት ነበር። ወጣቱ መሐንዲስ የተሰጣቸው የሥራ ድርሻም ካርታ የሚያመርቱትን ማሽኖች መጠገንና መከታተል ነበር።

ሥራው ብዙም ጊዜ የማይወስድ በመሆኑ ዮኮይ በትርፍ ጊዜያቸው እርስ በርስ በተጠላለፉ ዘንጎች አማካይነት የሚዘረጋና የሚሰበሰብ ሰው ሠራሽ እጅ ለራሳቸው መዝናኛ ሠሩ። የኩባንያው ፕሬዚዳንት ሂሮሺ ያማኡቺ ፋብሪካውን ሲጎበኙ ይህንን ተመለከቱ። ዮኮይ ወደ ፕሬዚዳንቱ ቢሮ ሲጠሩ ተግሣጽ ይጠብቃቸው የነበረ ቢሆንም የተሰጣቸው ትእዛዝ ግን መጫወቻውን ለገበያ እንዲያዘጋጁት የሚል ነበር። በ1966 አልትራ ሃንድ በሚል ስያሜ የቀረበው መጫወቻ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ተሸጠ። ከማሽን ጥገና ወደ ምርት ልማት የተዛወሩትም በዚሁ አጋጣሚ ነበር።

በቀጣዮቹ ዓመታት ዮኮይ በርካታ መጫወቻዎችን ሠርተዋል። ከእነዚህም መካከል በ1970 የቀረበው የብርሃን ጠመንጃ ይገኝበታል። ጠመንጃው ጥይት ሳይሆን የብርሃን ጨረር የሚተኩስ ሲሆን፣ ዒላማው ላይ የተገጠመው የፀሐይ ብርሃን ሴል ጨረሩ ሲያርፍበት መመታቱን ያሳውቃል። በ1973 ኩባንያው ይህንኑ ሐሳብ በሰፊ አዳራሽ ወደሚካሄድ የዒላማ ተኩስ መዝናኛ አሳደገው። ነገር ግን በዚያው ዓመት የተከሰተው የነዳጅ ዋጋ ቀውስ የደንበኞችን ትእዛዝ በማሰረዙ ኒንቴንዶ ከባድ ዕዳ ውስጥ ገባ።

ዮኮይ ከዚህ ልምድ የሥራ መርሕ ቀስመው ዕድሜ ልካቸውን ሠርተውበታል። ይኸውም የዘመኑን ውድ ቴክኖሎጂ ከመከተል ይልቅ በሰፊው የተለመደውን፣ ባህርይው የታወቀውንና ዋጋው የወረደውን ቴክኖሎጂ ማንም ባላሰበው ቦታ ላይ ማዋል ነው። በእሳቸው እምነት የመጫወቻ ዋጋ የሚለካው በውስጡ ባለው ክፍል አዲስነት ሳይሆን ለተጠቃሚው በሚሰጠው ደስታ ነው።

መርሑ በተግባር የታየው በፈጣኑ የሺንካንሰን ባቡር ሲጓዙ ነበር። ከሥራ ወደ ቤቱ የሚመለስ አንድ ተሳፋሪ መሰላቸቱን ለማባረር የሒሳብ ማሽኑን ቁልፎች ሲነካካ ዮኮይ ተመለከቱ። በዚያን ጊዜ የሒሳብ ማሽን አምራቾች ባካሄዱት ውድድር ምክንያት የአነስተኛ ስክሪኖችና የማይክሮ ችፖች ዋጋ ወርዶ ነበር። በመሆኑም ሚያዝያ 1980 ጌም ኤንድ ዋች የተባለው፣ ሰዓትም ጨዋታም የሆነው የኪስ መሣሪያ ተወለደ። ምርቱ እስከተቋረጠበት ጊዜ ድረስ የተለያዩት ዓይነቶቹ በመላው ዓለም ከ43 ሚሊዮን በላይ ተሸጠዋል።

የመጀመሪያዎቹ የጌም ኤንድ ዋች ጨዋታዎች ለየእንቅስቃሴው የተለያየ ቁልፍ ነበራቸው። በ1982 ግን ዶንኪ ኮንግ የተባለው ጨዋታ እንደ መጽሐፍ በሚታጠፍ ባለ ሁለት ስክሪን መሣሪያ ላይ እንዲቀርብ ሲወሰን ችግር ተፈጠረ። ገጸ ባህሪው በአራት አቅጣጫ መንቀሳቀስ ነበረበት። በመጫወቻ ቤቶች የተለመደው ቀጥ ብሎ የቆመ ዱላ ደግሞ በሚታጠፍ የኪስ መሣሪያ ላይ ሊገጠም አይችልም። አራት የተነጣጠሉ ቁልፎች ቢደረደሩም ተጫዋቹ ጣቱ የት እንዳለ ለማወቅ ዓይኑን ከስክሪኑ ላይ ማንሳት ይገደዳል።

መፍትሔው አራቱን ቁልፎች በአንድ የመስቀል ቅርጽ ባለው ቁራጭ ማያያዝ ሆነ። ቁራጩ መሐሉ ላይ እንደ ሚዛን የሚደገፍ በመሆኑ አንደኛው ጫፍ ሲጫን ተቃራኒው ጫፍ ይነሳል። አውራ ጣት ከመሐል ሳይለቅ አቅጣጫውን በመዳሰስ ብቻ ይለያል። ሁለት አጎራባች ጫፎች አንድ ላይ ሲነኩም ሰያፍ አቅጣጫ ይገኛል። ኩባንያው በኋላ በአሜሪካ ባስመዘገበው የፈጠራ ባለመብትነት ሰነድ ላይ የሌላ ባልደረባ ስም መስፈሩ ሥራው የቡድን እንደነበር ያመለክታል። ያም ሆኖ የቁልፏ ታሪክ ሲነሳ ቀድሞ የሚጠራው የዮኮይ ስም ነው።

ሐምሌ 15 ቀን 1983 ኒንቴንዶ ከቴሌቪዥን ጋር የሚገናኘውን ፋሚኮም ለገበያ ሲያቀርብ ይህችው ቁልፍ በመቆጣጠሪያው ላይ ተገጠመች። መሣሪያውን የነደፈው በማሳዩኪ ኡኤሙራ የሚመራው ሌላ ክፍል ነበር። በሌሎች አገሮች ኤንኢኤስ በሚል ስም የተሸጠው ይህ መሣሪያ በጠቅላላው ወደ 62 ሚሊዮን የሚጠጋ ገዥ በማግኘቱ የመስቀሏ ቁልፍ የኢንዱስትሪው የጋራ መለያ ለመሆን በቃች።

የፋሚኮም መቆጣጠሪያ ለኢሙሌተር ጸሐፊዎች ጥሩ መማሪያ ነው። በውስጡ የስምንት ቁልፎችን ሁኔታ በአንድ ጊዜ መዝግቦ ተራ በተራ የሚያወጣ ትንሽ ችፕ አለ። ጨዋታው በአሥራ ስድስት መሠረት አጻጻፍ 4016 በተባለው አድራሻ ላይ መጀመሪያ 1፣ ቀጥሎም 0 በመጻፍ ምዝገባውን ያዛል። ከዚያም ያንኑ አድራሻ ስምንት ጊዜ በማንበብ ኤ፣ ቢ፣ ምረጥ፣ ጀምር፣ ላይ፣ ታች፣ ግራና ቀኝ የተባሉትን ቁልፎች በዚሁ ቅደም ተከተል ይቀበላል። በመሆኑም ኢሙሌተሩ የመቆጣጠሪያውን ሁኔታ ስምንት ቢት ባለው አንድ ባይት ሊወክለው ይችላል። የተጫነ ቁልፍ 1፣ ያልተጫነ ደግሞ 0 ይሆናል።

ሆኖም ባይቱ ብቻውን ሙሉውን እውነት አይናገርም። የመስቀሏ ቁልፍ መሐሏ ላይ የምትደገፍ በመሆኗ ግራና ቀኝን በአንድ ጊዜ መጫን በተለመደው አጠቃቀም አይቻልም። የዘመኑ ጨዋታ ጸሐፊዎችም ይህ እንደማይሆን በመተማመን ሥራቸውን ጽፈዋል። ኢሙሌተሩን በኪቦርድ የሚጠቀም ሰው ግን ሁለቱን ቁልፎች ያለ ችግር አንድ ላይ ይጫናል። በዚህ ጊዜ አንዳንድ ጨዋታዎች ያልታሰበ ባህርይ ያሳያሉ፤ ለምሳሌ በሁለተኛው የዜልዳ ጨዋታ ገጸ ባህሪው ከልክ ባለፈ ፍጥነት ይወረወራል። ስለዚህ ጠንቃቃ ፕሮግራመር ዮኮይና ባልደረቦቻቸው በፕላስቲክ የሠሩትን ሕግ በሶፍትዌር ጽፎ ተቃራኒ አቅጣጫዎች አብረው እንዳይገቡ ይከለክላል።

የብርሃን ጠመንጃው ጉዳይ ደግሞ ከቁልፍ የተለየ ነው። ዮኮይ የመሩት የልማት ክፍል በ1984 ዳክ ሃንት የተባለውን የዳክዬ አደን ጨዋታ ሲያዘጋጅ የጥንቱ መጫወቻ ሐሳብ ተገልብጦ ቀረበ። ብርሃን የሚያወጣው ቴሌቪዥኑ፣ ብርሃን የሚቀበለው ደግሞ ጠመንጃው ሆነ። ቃታው ሲሳብ ስክሪኑ ለቅጽበት ይጠቁርና ዒላማው ያለበት ቦታ በነጭ ይበራል። ጠመንጃው ለመሣሪያው የሚያስተላልፈው ቃታው መሳቡንና ብርሃን መታየቱን ብቻ ነው። የት ቦታ እንደታለመ የሚገልጽ ቁጥር አይልክም።

በዚህ ምክንያት ኢሙሌተሩ የማውሱን ቦታ ለጨዋታው ቢሰጠው አይጠቅምም። ይልቁንም ማውሱ ባረፈበት ነጥብ አካባቢ በዚያች ቅጽበት የተሳለው ስዕል ብሩህ መሆን አለመሆኑን መርምሮ ውጤቱን በአንድ ቢት መመለስ ይኖርበታል። በ1985 የቀረበውና በዚሁ ክፍል የተሠራው ሮቦት ደግሞ ከስክሪኑ የብርሃን ምልክት እየተቀበለ ይንቀሳቀስና በአንዱ ጨዋታ የሁለተኛውን መቆጣጠሪያ ቁልፎች ይጫናል። ለኢሙሌተሩ ሮቦቱ ራሱ አይታይም፤ የሚታዩት የመጨረሻዎቹ የቁልፍ ምልክቶች ናቸው።

የዮኮይ ታላቁ ስኬት ሚያዝያ 21 ቀን 1989 ለገበያ የቀረበው ጌም ቦይ ነው። ተወዳዳሪዎቹ ባለ ቀለም ስክሪን ይዘው ሲመጡ ጌም ቦይ ቀለም አልባ ነበር። በአንጻሩ ዋጋው ዝቅተኛ፣ አካሉ ጠንካራ፣ አራት የባትሪ ድንጋዮቹም ለረጅም ሰዓት የሚያገለግሉ ነበሩ። መሣሪያው በኋላ ከመጣው ባለ ቀለም ተተኪው ጋር ተደምሮ 118.69 ሚሊዮን ተሸጧል።

ጌም ቦይም እንደ ፋሚኮም ስምንት ቁልፎች አሉት። አነባበቡ ግን ይለያል። ቁልፎቹ አራት አራት ሆነው በሁለት ቡድን የተከፈሉ ሲሆን፣ ጨዋታው በመጀመሪያ አቅጣጫዎቹን ወይስ ሌሎቹን አራት ቁልፎች ማንበብ እንደሚፈልግ ይመርጣል። በተጨማሪም የተጫነ ቁልፍ የሚገለጸው በ1 ሳይሆን በ0 ነው። ለፋሚኮም የተዘጋጀውን ባይት እንዳለ ለጌም ቦይ የሚያቀብል ፕሮግራም ማንም ያልነካቸውን ቁልፎች በሙሉ እንደተጫኑ ያስቆጥራል። ባለሙያዎች ሥራውን በሦስት ደረጃ የሚከፍሉት በዚህ ምክንያት ነው። በመጀመሪያው ደረጃ ተጫዋቹ የያዘው ኪቦርድ ወይም መቆጣጠሪያ ይነበባል፤ በሁለተኛው ንባቡ ከማንኛውም መሣሪያ ነጻ በሆነ የቁልፍ ስም ይመዘገባል፤ በሦስተኛው ደረጃ አሮጌው መሣሪያ በሚያውቀው ቋንቋ ይቀርባል።

የዮኮይ የሥራ ዘመን ውድቀትም ታይቶበታል። በ1995 የቀረበው ቨርቹዋል ቦይ በቀይና በጥቁር ብቻ ጥልቀት ያለው ምስል የሚያሳይ መሣሪያ ነበር። በመቆጣጠሪያው ላይ ለግራና ለቀኝ እጅ ሁለት የመስቀል ቁልፎች ተገጥመውለታል። መሣሪያው በ16 ቢት ከሚያነበው መረጃ አሥራ አራቱ የቁልፎች ሲሆኑ አንዱ የባትሪውን መድከም ያመለክታል። ይሁንና ተጠቃሚዎች ዓይን ያደክማል ሲሉ አማረሩበት። ሽያጩም ወደ 770 ሺህ ገደማ ላይ ቆሞ በ1996 ከገበያ ወጣ።

ዮኮይ በዚያው ዓመት ነሐሴ ወር ለ31 ዓመታት ያገለገሉበትን ኩባንያ ለቀቁ። ብዙዎች መልቀቃቸውን ከቨርቹዋል ቦይ ውድቀት ጋር ቢያያይዙትም እሳቸው ግን ለብቻቸው መሥራትን ቀደም ብለው ያሰቡበት መሆኑን ገልጸዋል። ከመሰናበታቸው በፊትም ጌም ቦይ ፖኬት የተባለውን አነስተኛ መሣሪያ ለፍጻሜ አብቅተዋል። ቀጥሎም ኮቶ የተባለ የራሳቸውን ድርጅት አቋቁመው ከባንዳይ ኩባንያ ጋር በመተባበር ዋንደርስዋን የተባለውን የእጅ መሣሪያ መንደፍ ጀመሩ።

ሥራውን ፍጻሜ ላይ ለማየት ግን አልታደሉም። ጥቅምት 4 ቀን 1997 ኢሺካዋ በተባለው ግዛት በአውራ ጎዳና ላይ ሲጓዙ ይዟቸው የነበረው መኪና ከፊቱ ከነበረው ተሽከርካሪ ጋር ተጋጨ። ጉዳቱን ለማየት ከመኪናው በወረዱበት ቅጽበት ሌላ መኪና ገጭቷቸው በ56 ዓመታቸው ሕይወታቸው አለፈ። ዋንደርስዋን መጋቢት 1999 ለገበያ ሲቀርብ አብሮት የወጣ አንድ ጨዋታ በስማቸው ተሰየመ። በ2003 ደግሞ ዓለም አቀፉ የጨዋታ አልሚዎች ማኅበር የዕድሜ ልክ አስተዋጽኦ ሽልማት ከሞት በኋላ ሰጥቷቸዋል።

ዋንደርስዋን ራሱ ለኢሙሌተር ጸሐፊዎች የመጨረሻ ፈተናቸው ሆኖ ቀርቷል። መሣሪያው አግድምም ሆነ ቁም ተይዞ ስለሚሠራ አራት አራት ቁልፎች ያሏቸው ሁለት ስብስቦች አሉት። አንዱ ጨዋታ በአግድም ሲያዝ አቅጣጫ የሚያሳየው ስብስብ፣ ሌላው ጨዋታ በቁም ሲያዝ የድርጊት ቁልፍ ይሆናል። ስለሆነም ፕሮግራሙ ቁልፎቹን በተፈጥሯዊ ቦታቸው መዝግቦ፣ ትርጉማቸውን እንደ አያያዙ መለዋወጥ ይጠበቅበታል።

የአሮጌ መሣሪያዎች ፕላስቲክ ይሰነጠቃል፤ በቁልፎቻቸው ሥር ያለው ጎማም ያረጃል። የቀድሞው የብርሃን ጠመንጃም በዛሬዎቹ ጠፍጣፋ ቴሌቪዥኖች ላይ አይሠራም። በመሆኑም የዮኮይ ሥራዎች ለመጪው ትውልድ የሚተላለፉት የእያንዳንዱ ቁልፍ ባህርይ በትክክል ተመዝግቦ ሲቀመጥ ነው። ማሽን በመጠገን ሥራቸውን የጀመሩት መሐንዲስ ርካሽና የተለመደ ነገር በጥሞና ሲታሰብበት ምን ያህል ርቀት እንደሚጓዝ አሳይተው አልፈዋል።